ርስት በካንሳስ ሜዳ

በምዕራብ ካንሳስ ለመንገደኛ ከተማ መቃረቡን የሚያበስረው የእህል ጎተራ ነው። ነጭ የኮንክሪት ማማ ከሜዳው ጫፍ ብቅ ይላል፤ ከታየ በኋላም ብዙ ተነድቶ ነው ከሥሩ የሚደረሰው። ከዴንቨር ተነሥቼ በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ስወርድ፣ ጉድላንድን አልፌ የሰዓት ክልሉ ሲለወጥና አንድ ሰዓት ሲጎድልብኝ፣ ኮልቢ ላይ ከአውራ ጎዳናው ወጥቼ በ24 ቁጥር መንገድ ሆክሲንና ሂል ሲቲን ሳቋርጥ፣ ጎተራዎቹ እየተቀባበሉ ሸኙኝ። የቆሙት ሐዲድ በተዘረጋበት መስመር ላይ ነው። ገበሬው ስንዴውን የሚያራግፈው እዚያ፣ ባቡሩም የሚጭነው ከዚያ ነበር። ከሂል ሲቲ በስተምሥራቅ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ኒኮዲመስ ግን ማማ የላትም። ሐዲድ ደርሶላት አያውቅም። መንገዱ ዳር ያለውን ሰሌዳ ያላነበበ ሰው ጥቂት ቤቶችና የድሮ ቤተ ክርስቲያን አይቶ ያልፋታል።

በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 14 ነበሩ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) እኔ የደረስኩት ግን በጁላይ ወር መጨረሻ፣ ለዓመታዊው የመመለሻ በዓል ነበርና የሣሩ ዳር በሙሉ በመኪና ተይዞ ነበር የጠበቀኝ። የኮሎራዶ ሰሌዳ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ካሊፎርኒያና ሚዙሪም አይቻለሁ። ስንዴው ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ ማሽላው አረንጓዴ ነው፤ ነፋሱ አያርፍም።

ዊሊና ሂክማን ወደዚህ ቦታ የመጣችው በ1878 የጸደይ ወራት ነበር። ባሏ መጋቢ ዳንኤል ሂክማን ኬንታኪ ውስጥ ጆርጅታውን ከምትባል ከተማ ምእመናናቸውን አስከትለው ነው የተነሡት። ባቡሩ ኤሊስ ላይ አወረዳቸው። በድንኳን ሰፍረው ሳለ ኩፍኝ ገባባቸውና ልጆች ሞቱባቸው። የሞቱትን ቀብረው፣ የተረፉትን ይዘው በጋሪ ወደ ሰሜን ሲያቀኑ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረምና በኮምፓስ እየተመሩ ሄዱ፤ ሌሊት አውሬ እንዳይጠጋቸው እሳት እያነደዱ አደሩ። በመጨረሻ ወንዶቹ መድረሳቸውን በጩኸት ሲያበስሩ፣ በሕመም የደከመችው ዊሊና ቀና ብላ ብታይ ቤት የሚባል የለም። ባሏ ከመሬት ውስጥ እየተነሣ የሚወጣውን ጭስ በጣታቸው አሳዩአት። ከተማዋ ያ ነበር። ሰዎቹ የሚኖሩት በጉድጓድ ውስጥ ነበር። ዊሊና አለቀሰች።

ይህን ያወቅነው እሷው በኋላ ዘመን ስለተናገረችው ነው። ስለ ምዕራብ አሜሪካ አቅኚዎች ከተጻፈው ብዙ ነገር ይልቅ ይህን ምስክርነቷን አምነዋለሁ። የጀግንነት ታሪክ አልነገረችንም። ያየችውንና ያለቀሰችውን ነገረችን፤ ካለቀሰች በኋላ ደግሞ እዚያው ኖረች።

ኬንታኪን ለምን ለቀቁ? የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ 12 ዓመት ሆኖት ነበር። ባርነት በሕግ ቀርቷል፤ መሬቱ ግን ከቀድሞ ጌቶቻቸው እጅ አልወጣም። ነፃ የወጣው ሰው ያንኑ የትናንት ጌታውን እርሻ እያረሰ ምርቱን ያካፍላል፤ ዘሩንና ልብሱን በዱቤ ይወስዳል፤ ዓመት አልፎ ሲቆጠር ዕዳው ይበልጣል። የጢሰኛን ኑሮ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። በ1877 የፌዴራሉ መንግሥት በደቡብ የነበሩትን የመጨረሻ ወታደሮች ሥራቸውን አስቁሞ ወደ ሰፈራቸው ሲመልስ ጥቁሩን ሕዝብ ከጥቃት የሚከላከል ኃይል ጠፋ። በዚያው ዓመት ደብልዩ. አር. ሂል የሚባል ነጭ የመሬት ነጋዴና ደብልዩ. ኤች. ስሚዝ የሚባሉ ጥቁር ሰባኪ ከሌሎች ጋር ሆነው የኒኮዲመስን ከተማ ኩባንያ መሠረቱ፤ በኬንታኪ ባሉ ጥቁር አብያተ ክርስቲያናትም ወሬውን ነዙ። የኩባንያው ጸሐፊ ሳይመን ራውንድትሪ ጉንጫቸው ላይ የቃጠሎ ምልክት ነበረባቸው ይባላል። በባርነት ዘመን ከጌታቸው ልጅ ፊደል በመማራቸው የደረሰባቸው ቅጣት ነው። የከተማዋ ስም በዜማ ይዘመርለት ከነበረው፣ ነፃነቱን በገንዘቡ ገዛ ከሚባለው ኒኮዲመስ የተባለ ባሪያ መጣ ይላሉ። እኔን ያስታወሰኝ ግን በሌሊት ወደ ክርስቶስ የሄደውንና ሰባተኛው የዐቢይ ጾም እሑድ የሚጠራበትን ኒቆዲሞስን ነው።

የሳባቸው የ1862ቱ የሆምስቴድ አዋጅ ነበር። ማንም ዜጋ ጥቂት ዶላር ከፍሎ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል መሬት ያስመዘግባል፤ ቤት ሠርቶ፣ አርሶ፣ አምስት ዓመት ከኖረበት መሬቱ የራሱ ነው። ትናንት ራሱ እንደ ዕቃ በሰው ስም ተመዝግቦ ለነበረ ሰው ይህ ምን እንደሆነ እስቲ ይታሰብ። በስሙ የሚጻፍ መሬት! ልጁ የሚወርሰው፣ ከሱ በቀር ማንም የማይሸጠው።

መሬቱ ግን ባዶ ሆኖ አልጠበቃቸውም፤ ባዶ የተደረገ መሬት ነበር። ፖኒዎች፣ ካንሳዎችና ሻየኖች ያደኑበትና የኖሩበት አገር ነው። የዊሊና ቤተሰብ በመጣበት በዚያው በ1878 መኸር፣ በደል ናይፍና በሊትል ዎልፍ የሚመሩት ሰሜናዊ ሻየኖች ከታሰሩበት የደቡብ ግዛት አምልጠው ወደ ትውልድ ምድራቸው ለመመለስ በጦር እየተሳደዱ በምዕራብ ካንሳስ በኩል አልፈዋል። አንዱ ርስት ፍለጋ ሲመጣ ሌላው ከርስቱ ተነቅሎ እየተባረረ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ሆኜ አንዱን ታሪክ ሳስብ ሌላውን መርሳት አልቻልኩም፤ መርሳትም አልፈልግም።

በሴፕቴምበር 1877 ከሌክሲንግተን አካባቢ የመጡት ከ300 በላይ ነበሩ። የከተማው ኩባንያ በወረቀት ላይ ያሳያቸው ሌላ ነው፤ ያገኙት ደግሞ ዛፍ የሌለበት ሜዳና በስተደቡብ የሚወርድ የሰለሞን ወንዝ ክንድ። ብዙዎች ተናደው በማግሥቱ ወደመጡበት ተመለሱ። የቀሩት መቆፈር ጀመሩ።

ጉድጓድ ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው። ከኮረብታው ወይም ከወንዙ ዳር ተዳፋቱ ላይ ወደ ውስጥ ይቆፈራል። ሦስቱ ግድግዳ ራሱ መሬቱ ነው፤ የፊቱ ግድግዳ ከድንጋይ ወይም ከሥሩ ከተገነጠለ የሣር ጓል ይደረደራል፤ ከወንዝ ዳር የተገኘ እንጨት በላዩ ይጋደማል፤ ጭራሮና ሣር፣ ከዚያም አፈር ይለብሳል። በአንድ ጥግ ምድጃ ይበጅና ጭሱ በጣሪያው ይወጣል። በበጋው ሙቀት ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ በበረዶ ወራት ነፋሱን ያስጥላል። ዝናብ ሲጥል ግን ካባራ በኋላም ጣሪያው ማንጠባጠቡን አይተውም። አፈር ከላይ እየረገፈ ሊጥ ውስጥ ይገባል፤ እባብም ይወርዳል። የአንዲት ሴት ሙሉ ቀን አፈር በመጥረግ እንዴት እንደሚያልቅ ማንም ቤት ጠራጊ ያውቀዋል።

ማገዶ አልነበረም። የነደደው የጎሽ ኩበትና የሱፍ አገዳ ነበር። ጎሹን ነጭ አዳኞች ለቆዳው ሲሉ ጨርሰውት ሜዳው ላይ የቀረው ደረቅ ኩበቱና አጥንቱ ብቻ ነበር፤ አጥንቱን ሰዎቹ እየለቀሙ ለማዳበሪያ ለሚፈልጉት ሸጡት። የፋንዲያ እሳት ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎ ይከስማል፤ አንድ እናት እየጋገረች ሁለት ሦስት ጊዜ መማገድ አለባት፤ ልጆቹ ደግሞ ጠዋት ማታ ለቀማ ይወጣሉ።

በዚያ በመጀመሪያው መኸር ኤማ ዊልያምስ ከጉዞው ብዙም ሳይቆይ በጉድጓድ ቤት ውስጥ ወንድ ልጅ ወለደች። ሄንሪ አለችው። የኒኮዲመስ የመጀመሪያ ተወላጅ እሱ ነው። ነፍሰ ጡር ሆና ከኤሊስ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ያንን ሜዳ ስታቋርጥ ማን ደገፋት፣ ማን ስንቋን ያዘላት እያልኩ ብዙ አሰብኩ። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ኩባንያው ፕሬዚዳንትና ስለ ገንዘብ ያዡ ብዙ ይጽፋሉ። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ግን ያ ምጥ ነው ባይ ነኝ፤ ልጅ የተወለደበትን መሬት ትቶ መሄድ ይከብዳል።

የመጀመሪያው የበረዶ ወራት ሊፈጃቸው ነበር። የመጡት ለማረስ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው፤ በጎተራ ምንም የለም። በተወላጆቹ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ አንድ ታሪክ አለ፦ ከአደን የሚመለሱ ኦሴጆች በመንደሩ በኩል ሲያልፉ ሕዝቡ መጀመሪያ ደንግጦ ተደበቀ፤ እነሱ ግን ካደኑት ሥጋና ከያዙት ስንቅ አካፍለዋቸው አለፉ። በዓሉ ላይ ይህን ታሪክ ሲያነሱ ሰማሁ፤ ውለታው እስካሁን ይቆጠራል።

ወንዶች የቀን ሥራ ፍለጋ በእግራቸው ወደ ኤሊስና ከዚያም ርቀው ወደ ምሥራቅ ካንሳስ ሄዱ። እርሻው ለሴቶቹና ለልጆቹ ቀረ። ፈረስ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። አንዳንዱ ላሙን ጠመደ፤ አንዳንዱ በአካፋና በዶማ ቆፈረ። የዚያ ሜዳ የሣር ሥር ለዘመናት ተጠላልፎ የተጋመደ ነው፤ ብረት ማረሻ እንኳ ይቸግረዋል። እስቲ በአካፋ አንድ ኤከር ይሞከር።

ለችግራቸው ከሌሎች የካንሳስ ከተሞችና ከሩቅ ስቴቶች እህልና ልብስ ተለምኖላቸው መጥቶ ነበር። በ1879 ግን ተሰብስበው የረዷቸውን ካመሰገኑ በኋላ ከእንግዲህ ምጽዋት እንደማይቀበሉ ወሰኑ። የከተማው ኩባንያም ፈረሰ። ጠግበው አልነበረም እንዲህ ያሉት። በአካፋ ባዘጋጁት መሬት ላይ የዘሩት ገና አልደረሰም። ይህን ውሳኔ ከየትኛውም የዚያች ከተማ ሕንፃ አስበልጣለሁ።

ትምህርት ቤቱም ቀድሞ የተከፈተው በጉድጓድ ቤት ነው። አስተማሪዋ የስሚዝ ልጅ ጄኒ ስሚዝ ፍሌቸር ነበረች። ባሏ ዛክ ፍሌቸር ፖስታ ቤቱን፣ ሆቴሉንና የፈረስ በረቱን ያስተዳድር ነበር። እሷም የፖስታውን ሥራ ትሠራ ነበር፤ የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ሲመሠረትም ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። ከኬንታኪ በዘመድ እጅ ተጽፎ የመጣ ደብዳቤ የሚነበበው በእሷ ፊት ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ማንበብ ያልተፈቀደላቸው ሰዎች ነበሩና አንባቢ ያለበት ቤት የመንደሩ መሰብሰቢያ ቢሆን አይገርምም። የሽማግሌዎቹ ልጆች በቀን የተማሩትን ማታ ለወላጆቻቸው ያስጠኑ ነበር ብሎ ማሰብም ለእኔ አይከብደኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዐሥር ዓመታት ጥሩ ነበሩ። ጉድጓዱ በሣር ጓል ቤት፣ የጓሉ ቤት በበሃ ድንጋይ ተተካ። የአፍሪካ ሜቶዲስቶቹ ዛሬ የሚታየው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በ1885 ተሠራ። በ1886 «ዌስተርን ሳይክሎን»፣ በ1887 «ኒኮዲመስ ኢንተርፕራይዝ» የተባሉ ጋዜጦች መታተም ጀመሩ። ሱቆች፣ ባንክ፣ የቤዝቦል ቡድን፣ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር፣ አይስክሬም የሚሸጥበት ቤት ነበር። ከቺካጎ የመጣው ወጣቱ ኤድዋርድ ማኬብ የካውንቲው ጸሐፊ ሆነ፤ በ1882 ደግሞ የካንሳስ ስቴት ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ። በዚያ ዘመን በስቴት ደረጃ በሕዝብ ድምፅ ለእንዲህ ያለ ሥልጣን የበቃ ጥቁር ሰው በሰሜኑም በምዕራቡም አልነበረም።

ከዚያ የባቡሩ ጉዳይ መጣ። በ1887 የኒኮዲመስ ሰዎች ሐዲዱ በከተማቸው እንዲያልፍ የ16,000 ዶላር ቦንድ በድምፃቸው አጸደቁ። ከአካፋ የተነሣ ሕዝብ ይህን ያህል ገንዘብ ለማቅረብ ቃል ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ሚዙሪ ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ ሐሳቡን ቀየረ። ሌላው ኩባንያ ዩኒየን ፓሲፊክ ሐዲዱን ከወንዙ ማዶ፣ በስተደቡብ ዘረጋና ቦግ የምትባል ከተማ ተቆረቆረች። የኒኮዲመስ ነጋዴዎች ሱቆቻቸውን ነቅለው፣ አንዳንዶቹም ቤታቸውን እንዳለ በመንሸራተቻ ላይ ጭነው ወደ ቦግ አሻገሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከተማዋ ገበያዋን አጣች። በካርታ ላይ አሥር ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት ነው።

እርሻው ግን ቀረ። ሰው የሚያስበው ኒኮዲመስ በ1888 እንደሞተች ነው፤ ይህ ስሕተት ነው። የከተማው ሱቅ ተዘጋ እንጂ የገበሬው ሕዝብ ከዚያም በኋላ ጨምሯል፤ በ1910 በአካባቢው ብዙ መቶ ጥቁር ነዋሪዎች ነበሩ። ያሟጠጣቸው የ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ አውሎ ነፋስ፣ የስንዴ ዋጋ መውደቅ፣ ከዚያም ወጣቱን ወደ ዴንቨር፣ ወደ ቶፒካ፣ ወደ ካሊፎርኒያ የጠራው የከተማ ሥራ ነው። ፖስታ ቤቱ በ1953፣ ትምህርት ቤቱ በ1960 ተዘጋ። በ1932 እዚያ የተወለደው ቬሪል ስዊትዘር በ1954 ለግሪን ቤይ ፓከርስ በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ሆነ፤ የቤተሰቡን እርሻ ግን አልተወም። በ1996 ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ተባለ። አምስት ሕንፃዎች ተከልለው ይጠበቃሉ፤ ጎብኚ የሚስተናገደው በ1939 በተሠራው አዳራሽ ነው።

በዓሉ ከ1878 ጀምሮ የሚከበር ነው። በመጀመሪያ የሚውለው ኦገስት 1፣ በእንግሊዝ ሥር የነበሩት የካሪቢያን ደሴቶች ባሪያዎች ነፃ የወጡበትን ቀን አስቦ ነበር። አሁን በጁላይ የመጨረሻ ሳምንት ሆኗል። ቅዳሜ ሰልፉ ተጀመረ፤ ፈረሰኞች፣ የጎሽ ወታደሮች የሚባሉትን የጥቁር ክፍለ ጦር ልብስ የለበሱ ሰዎች፣ በጭነት መኪና ላይ የቆሙ ልጆች። ሰልፉ አጭር ነው፣ መንገዱም አጭር ነው። ከሰልፉ በኋላ ቤተሰብ በቤተሰብ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የሚገርመኝ አንዱ ሌላውን የሚያስተዋውቅበት አነጋገር ነው፦ ስም ብቻ አይበቃም፤ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ፣ ጎጆው ከወንዙ በየት በኩል እንደነበረ ይነገራል። እኔ እንኳ በአንድ ቀን ውስጥ የየትኛው ቤተሰብ መሬት ከየትኛው ጋር እንደሚዋሰን መለየት ጀምሬ ነበር።

ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ «ከኢትዮጵያ፤ አሁን ግን ዴንቨር ነው የምኖረው» ስል፣ አንድ ሴት ወዲያው «ጤፍ» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የካንሳስ ጥቁር ገበሬዎች ማኅበር አባላት በኒኮዲመስ አካባቢ ጤፍ ዘርተው ሞክረዋል። ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክል፣ በአሜሪካ ያለው ሐበሻ እንጀራውን የሚጋግርበት እህል እዚሁ መብቀል ነበረበት። አይዳሆ ላይ ዌይን ካርልሰን የተባሉ ሰው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያበቅሉት ነበር። ድርቅ የሚችል፣ ውኃ የማይሻማ፣ ለትንሽ ገበሬ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣ እህል ለደረቁ ካንሳስ መታሰቡ ተገቢ ነው። ችግሩ እኛ የምናውቀው ነው፦ ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ለስንዴ በተሠራ ኮምባይነር ሲታጨድ በየቀዳዳው ይፈስሳል፤ ሲዘራም በጥልቀት ከገባ አይበቅልም፤ አረም ቀድሞት ይነሣል። እኔ የእናቴን ሰፌድ አስታውሼ ስለ ማበጠር ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሴትየዋ አዳምጠውኝ ሲጨርሱ፣ እንጀራውን ዴንቨር ውስጥ ሬስቶራንት በልተው እንደወደዱት፣ የአያታቸው መሬት ላይ ሊበቅል ይችላል ብለው ግን አስበው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

ማኅበሩ የሚታገለው ለአንድ እህል አይደለም። በ1920 በአሜሪካ 925,000 ያህል ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። ዛሬ 50,000 አይሞሉም። መሬቱ የጠፋው በድርቅ ብቻ አይደለም፤ ባንክ ለጎረቤት ነጭ ገበሬ ያበደረውን ለጥቁሩ ከልክሏል፤ የግብርና ሚኒስቴሩ ራሱ ብድርና ድጎማ ሲያዘገይና ሲነፍግ ኖሯል። ጥቁር ገበሬዎች በጋራ ከስሰው በ1999 በስምምነት ካሣ እንዲከፈላቸው ተወስኗል፤ ለብዙዎቹ ግን የደረሰው መሬቱ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ነው። ያለ ኑዛዜ የሞተ አባት መሬት ደግሞ ለሁሉም ወራሽ በጋራ ይሆንና አንዱ ወራሽ ድርሻውን ሲሸጥ መላው መሬት በፍርድ ቤት ለጨረታ ሊቀርብ ይችላል። እንዲህ ነው ርስቱ ያለቀው፤ እንደ ኒኮዲመስ ባለ ቦታ የቀረው መሬት ስለዚህ ብርቅ ነው።

እሑድ ከአምልኮው በኋላ፣ የጋራ ምሳ ሲነሣ፣ ከዴንቨር ከመጡ አንድ አዛውንት ጋር በአንድ ጥላ ተቀመጥን። የሚኖሩት ኦሮራ ውስጥ ነው፤ እንጀራ የምገዛበትን የሃቫና ጎዳና ያውቁታል። አያታቸው ያስመዘገቡት መሬት እስካሁን አልተሸጠም አሉኝ። ለጎረቤት ገበሬ ተከራይቶ ስንዴና ማሽላ ይዘራበታል፤ ዓመት በዓመት ከምርቱ ድርሻ ይመጣል። ወራሾቹ ብዙ ናቸው፤ ገንዘቡ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። እኔ የአገሬን የውርስ ክርክር አስቤ፣ አለመግባባት አይነሣም ወይ አልኳቸው። ይነሣል አሉ። ለመሸጥ የሚፈልግም ነበር፤ ታላቅ እህታቸው ሁሉንም በስልክ አግኝተው ነው ነገሩን ያበረዱት። መሬቱ በአንድ ኩባንያ ስም እንዲጠቃለል ጠበቃ ይዘው ማንም ብቻውን እንዳይሸጥ አድርገዋል።

«እርስዎ ራስዎ ምን ያህል ይደርስዎታል?» አልኳቸው። ኋላ ላይ መጠየቄ ድፍረት መሰለኝ፤ እሳቸው ግን አልከፋቸውም።

«ካቻምና ድርቅ ነበር፤ ምንም አልደረሰኝም» አሉ። «ዘንድሮ ከዴንቨር እዚህ መጥቼ ለመመለስ ቤንዚኑን ችሎኛል። የልጅ ልጆቼንም ምሳ አብልቼበታለሁ።»